ቲማቲሙ ዘንቢል ውስጥ ከመግባቱ በፊት፦ አትክልት ከማሳ እስከ ጉንደ ወይን ገበያ

«ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቃሪያ ይዘህ ና» ተብሎ ዘንቢል ያልተሰጠው የጉንደ ወይን ልጅ የለም። ገበያ ስንደርስ አብዛኞቻችን የምናየው ሁለት ነገር ነው፤ ዋጋውን እና መልኩን። ቀይ ከሆነ፣ ጠንከር ካለ፣ ካልፈረጠ በቃ ተገዛ። ቤት ሲገባ ይታጠባል፤ ጉዳዩም እዚያው ያለቀ ይመስለናል።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ አትክልቱን የሚበክለው ነገር አብዛኛው የሚያገኘው ቤት ሳይደርስ ነው። አንዳንዱ በማጠብ ይለቃል። አንዳንዱ አይለቅም፣ ምንም ቢታጠብ። የትኛው እንደሚለቅና እንደማይለቅ ካወቅን ገበያ ላይ የምናየው ነገር ይቀየራል። ዛሬ የጻፍነው ስለዚህ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጉትና ገበያ የምትሄዱ ቀን መለስ ብላችሁ እዩት።

መጀመሪያ የነገሩን ክብደት እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2015 ባወጣው ግምት መሠረት በተበከለ ምግብ ምክንያት በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው ይታመማል፣ 420,000 ሰው ይሞታል። ከሟቾቹ 125,000ዎቹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ከሕዝብ ብዛት አንፃር ደግሞ ትልቁን ጫና የተሸከመችው አፍሪካ ናት። ይህ ቁጥር ሥጋውንም ወተቱንም ሁሉንም ምግብ ይጨምራል። ጥሬውን የሚበላ አትክልት ግን በእሳት ስለማያልፍ ለብቻው መታየት አለበት።

አትክልቱ ከየት ነው የሚመጣው?

ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደጀን በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣና ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ይህ ማለት አትክልት በብዙ በኩል ይደርሳታል። ከጮቄ በኩል ካለው ደጋ ድንችና ጎመን ይወርዳል። በባሕር ዳር በኩል ደግሞ ከኋላ ሁለት ትልልቅ የአትክልት አገሮች አሉ፤ አንዱ መራዊ አካባቢ ያለውና 7,000 ሄክታር ገደማ የሚያለማው የቆጋ መስኖ፣ ሌላው በሽንኩርት የሚታወቀው የፎገራ ሜዳ። በደጀን በኩል ከአዲስ አበባ የሚመጣም አለ። በሀገራችን ገበያ የምናየው ሙዝ ብዙው የሚነሳው ከአርባ ምንጭ አካባቢ ነው፤ ያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከጓሮ በእጅ የመጣ ጎመንና ሁለት ጊዜ ከመኪና መኪና የተገለበጠ ቲማቲም እኩል አይደሉም። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ምን እንደሚሆን ባለፉት ዓመታት ሁላችንም አይተናል፤ በአንድ ቀን ይደርሳል የተባለ ጭነት ሸራ ተሸፍኖ ቀናት ያድራል። የሚጎዳው ነጋዴው ብቻ አይደለም። ከሥር የፈረጠው ከላይ ካለው ጋር አብሮ ይመጣል።

ውሃው

ከሁሉም በላይ ልብ ማለት ያለብን ውሃ ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ታይፎይድ፣ ኮሌራ፣ የወስፋት እንቁላል፤ የሁሉም ዋና መንገዳቸው አንድ ነው። ከዓይነ ምድር ወደ ውሃና አፈር፣ ከዚያ ወደ እጅና ምግብ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ባሌ ውስጥ ታይቶ አማራን ጨምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች የተዛመተው ኮሌራም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ጉዳይ የቆየ ነው። ከተማዋን አቋርጦ በሚወርደው የአቃቂ ወንዝ ውሃ ለረጅም ዓመታት ሰላጣ፣ ቆስጣና ጥቅል ጎመን ሲለማበት ኖሯል፤ ተመራማሪዎችም ከእነዚያ ማሳዎች በወሰዱት አትክልት ላይ የጥገኛ ትል እንቁላልና እንደ እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን በተደጋጋሚ አግኝተዋል። የእኛ አካባቢ ወንዞች እንደ አቃቂ የፋብሪካ ፍሳሽ አይሸከሙም፤ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው። ግን ከብት ይጠጣባቸዋል፣ ልብስ ይታጠብባቸዋል፣ ሜዳ ላይ የተጸዳዳነውን ሁሉ ዝናብ ጠርጎ ይከትባቸዋል። መስኖ ራሱ አንድ ነገር ነው። ከመስኖው ያልተናነሰው ደግሞ አትክልቱ ከተሰበሰበ በኋላ የሚነካው ውሃ ነው።

ካሮትና ቀይ ሥር አስቡ። ከመሬት ሲነቀሉ ጭቃ ናቸው። ገዢ ጭቃ አይወድም፤ ስለዚህ ወንዝ ወይ ቦይ ላይ በእግር እየተረገጡ፣ በእጅ እየተፈተጉ ይታጠባሉ። የሚያብረቀርቅ ካሮት ገበያ ላይ ታዩና «ንጹሕ ነው» ትላላችሁ። በዓይን ነው ንጹሕ የሆነው። መቶ ካሮት በአንድ ውሃ ሲታጠብ የአንዱ ቆሻሻ ለዘጠና ዘጠኙ ተካፈለ ማለት ነው።

የቲማቲም ደግሞ የባሰ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቀውም። ቲማቲም ግንዱ የተቀነጠሰበት ቦታ ላይ ጠባሳ አለው። ቆዳው ውሃ አያስገባም፣ ጠባሳው ግን ያስገባል። ፀሐይ ያሞቀው ቲማቲም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ሲኮማተር በጠባሳው በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ውስጥ ጀርም ካለ አብሮ ገባ ማለት ነው። ባደጉ ሀገሮች ቲማቲም የሚያጥቡ ድርጅቶች የማጠቢያውን ውሃ ከቲማቲሙ ሙቀት በአምስት ዲግሪ ገደማ ከፍ እንዲል የሚያደርጉት ለዚህ ነው። አንዴ ከገባ በኋላ ቤት ውስጥ ብትፈትጉት፣ አቼቶ ብታፈሱበት አይወጣም። የሚገድለው እሳት ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚገርም ነገር እንበላችሁ፦ አቧራ የለበሰ ደረቅ ቲማቲም ከየት እንደሆነ በማይታወቅ ውሃ ታጥቦ ከሚያብረቀርቀው ይሻላል። አቧራውን እናንተ ቤት በንጹሕ ውሃ ታነሱታላችሁ። የሌላውን ግን አታነሱትም።

ቅጠላ ቅጠል ላይ ደግሞ የሚረጭ ውሃ አለ። ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ፀሐይ ላይ ይጠወልጋል፤ ሻጯ በጀሪካን ከያዘችው ውሃ በእጇ እፍን አድርጋ ትረጫለች። እዚህ ላይ ፍርዳችን ሻጯ ላይ እንዳይሆን። ጥላ የሌለው፣ ቧንቧ የሌለው፣ መጸዳጃ የሌለው ጉልት ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ምን ታድርግ? ገበያ ውስጥ አንድ የቧንቧ ውሃና አንድ የእጅ መታጠቢያ ቢኖር ከብዙ ምክር ይበልጣል። እስከዚያው ግን የተረጨ ሰላጣ ጥሬውን ለመብላት አይገዛም፤ ጎመንና ቆስጣ ይቀቀላል፣ እሱ ብዙም አያሳስብ።

ማዳበሪያ የምንለው ከረጢት

ድንችም ሽንኩርትም የሚጫንበትን ከረጢት ምን ብለን ነው የምንጠራው? «ማዳበሪያ»። ስሙ ታሪኩን ይናገራል። ብዙው በመጀመሪያ ሕይወቱ ዩሪያ ወይ ሌላ ነገር የተሸከመ ነው። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት በደንብ ታጥቦ ደርቆ ድንች ቢያዝበት ያን ያህል አደጋ የለውም፤ ድንቹ ይላጣል፣ ይቀቀላል። አደገኛው በመድኃኒት የታሸ ዘር የነበረበት ወይም ፀረ ተባይ የተያዘበት ከረጢት ነው። እሱ ለምግብ ከቶ መመለስ የለበትም፤ የፀረ ተባይ ጀሪካንም እንዲሁ፣ አሥር ጊዜ ቢታጠብም ለውሃና ለዘይት አይሆንም። እናንተ ገበያ ላይ ማድረግ የምትችሉት ከረጢቱን ማየትና ማሽተት ነው። የመድኃኒት ሽታ ካለው ወይም ውስጡ ባለ ቀለም ዱቄት ከታየ እለፉት።

ኢሱዙ ላይ ያለውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሽንኩርቱ ከሥር፣ ቲማቲሙ በሳጥን ከላይ፣ ከጎኑ ፍየል፣ ከፍየሉ አጠገብ የጋዝ ጀሪካን፣ ከሁሉም በላይ ሰው ከነጫማው። ሳጥኑ ከጠርዙ በላይ ተሞልቶ ሌላ ሳጥን ሲጫንበት ከሥር ያለው ይፈርጣል። ፈርጦ የሚፈሰው ጭማቂ ለባክቴሪያ ምግብ ነው። የሚመቸው ሙቀትና እርጥበት ያገኘ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ አንዴ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሒሳብ አንዱ ብቻ በሰባት ሰዓት ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ረፋድ ላይ ተጭኖ ማታ የሚራገፍ ቲማቲም ስንት ሰዓት መንገድ ላይ እንደቆየ እናንተው ቁጠሩት።

የፈረጠውን በቅናሽ መግዛት ግን ነውር አይደለም፤ ኑሮው ይታወቃል። ቅናሹ ለወጥ ነው፣ ለዚያው ቀን ወጥ። ለጥሬ የሚሆን ቲማቲም ያልተሰነጠቀ፣ ያልሻገተ ይሁን። ለስላሳና ውሃ የያዘ ነገር ላይ ሻጋታ ከታየ ቆርጦ መጣል አይበቃም፤ ክሩ ከምናየው በላይ ጠልቆ ይገባልና ሙሉውን ጣሉት። ካሮትና ጥቅል ጎመን ጠንካራ ስለሆኑ የሻገተውን ከነዙሪያው ወፈር አድርጎ ማንሳት ይቻላል።

ድንች፣ የእኛው

ድንች ሲበስል ጀርሙ ስለሚሞት ሰው ደኅና ነው ብሎ ያምነዋል። ድንች ግን የራሱ መርዝ አለው። ብርሃን ሲያገኘው ይሸረግዳል፤ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ራሱ ክሎሮፊል ነው፣ አይጎዳም። ግን ከእሱ ጋር ሶላኒን የሚባል መራራ መርዝ አብሮ ይጨምራል፤ በዛ ያለ ከተበላ ማስመለስ፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥና ራስ ምታት ያመጣል። ሰውም «ወጡ መርዞኝ ነው» ይላል እንጂ ድንቹን አይጠረጥርም። ዋናው ነገር ሶላኒን በመቀቀል አይጠፋም። የሚበዛው ልጣጩ፣ አረንጓዴው ቦታና ያቆጠቆጠው ዓይን ላይ ነው፤ ትንሽ ከሆነ ወፈር አድርጎ መላጥ ይበቃል፤ አረንጓዴው ብዙ ከሆነ ወይም ሲቀመስ የሚመር ከሆነ መጣል ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አካባቢ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ለዘር የሚቀመጥ ድንች ሆን ተብሎ ብርሃን እንዲያገኘው ይደረጋል፤ በግብርና ባለሙያዎች ምክር በተሠሩ የዘር ድንች ማከማቻዎች መደርደሪያ ላይ ሳስቶ ተበትኖ አረንጓዴ ሆኖ፣ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ አውጥቶ ይቀመጣል። ለዘር ትክክል ነው። ዘር ተርፎ ወይም ብር ቸግሮ ያ ድንች ወደ ምግብ ገበያ ሲወጣ ነው ችግሩ። በሌላ በኩል ደግሞ ለምግብ የተባለውም ቢሆን መደብ መደብ ተደርጎ ፀሐይ ላይ ሲውል ይሸረግዳል። ከመደቡ ላይ ሁለቱን አገላብጡና ሥሩን እዩ፤ ከላይ ያሉት ብቻ ናቸው ተመርጠው የሚደረደሩት፣ ያው ታውቃላችሁ።

መድኃኒቱ

ቲማቲምና ሽንኩርት ብዙ ይረጭባቸዋል፤ ድንችም በክረምት እርጥበት በሚመጣው በሽታ ምክንያት ይረጫል። ያለ መርጨት ምርት ላይኖር ይችላል፤ ገበሬውን በዚህ አንወቅስም። የሚወቀሰው ረጭቶ በማግስቱ መቅጠፍ ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት መለያው ላይ ተጽፏል። መለያው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፣ አንዳንዴም መድኃኒቱ ተከፋፍሎ በትንሽ ዕቃ ስለሚሸጥ መለያው ከነጭራሹ የለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ፀረ ተባይ ሁሉ ተመዝግቦና በሥርዓት እንዲሸጥ ያዛል። እንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ፣ አባታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ ቀኑን አንብቡለት። ፎቶ አንስታችሁ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅም ይቻላል።

መታጠብ ላይ ላዩን ያለውን መድኃኒት ይቀንሳል። ወደ ውስጥ ሰርጎ የሚሠራው ዓይነት ግን አይታጠብም። ጫት የምትቅሙም እዚህ ላይ ጆሮ ስጡ፦ ሀገራችን ውስጥ ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት ተገኝቷል፤ ጫት ደግሞ አይቀቀልም፣ አይላጥም፣ ብዙ ጊዜም አይታጠብም።

እሸት፣ ሸንኮራና የተቆረጠ ፍሬ

የባቄላና የሽምብራ እሸት በቅርፊቱ ስለተሸፈነ ፍሬው ንጹሕ ነው። ቆሻሻው ያለው ቅርፊቱና እጃችን ላይ ነው። እጃችንን ታጥበን ፈልፍለን ከበላን አለቀ።

የተላጠ ነገር ግን ሌላ ታሪክ ነው። መናኸሪያ ላይ ተልጦ፣ ተቆራርጦ ፌስታል ውስጥ የገባ ሸንኮራ፣ የተሰነጠቀ ሐብሐብ፣ የተከተፈ አናናስ፤ ቆዳው ጠባቂው ነበር፣ ጠባቂው ሄዷል። ቢላው፣ እጁ፣ ዝንቡ ሁሉ በቀጥታ ጣፋጩ ላይ ያርፋል። የምትፈልጉ ከሆነ ፊታችሁ ይላጥላችሁ። ጁስ ቤትም ዞር ብላችሁ ፍሬው የሚታጠብበትን ባልዲ እዩ፤ ውሃው ደፍርሶ ካያችሁ ሻይ እዘዙ።

ሙዝን በሚመለከት ሶሻል ሚዲያ ላይ ብዙ ይባላል። ጥሬ ሙዝ በጋዝ ማብሰል በራሱ ክፉ አይደለም፤ ኤቲሊን የሚባለውን ጋዝ ሙዙ ራሱም ያመነጨዋል። በሀገራችን የቆየው ልማድ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ላምባ ማጨስ ነው፤ ጭሱ ኤቲሊን አለበት፣ ጥላሸቱና ሽታው ግን ተጨማሪ ነው። ካልሲየም ካርባይድ የሚባለው ደግሞ አርሴኒክና ፎስፈረስ ስለሚቀላቀልበት እንደ ህንድ ያሉ ሀገሮች ፍሬ ለማብሰል እንዳይውል በሕግ ከልክለዋል። የላምባ ሽታ ያለው ሙዝ አትግዙ። ሌላው ብዙው ወሬ ነው።

ወሬ ካልን አይቀር፣ በፈረንጆቹ 2011 ጀርመን ውስጥ ከ3,800 በላይ ሰው በኢ ኮላይ ታመመ፣ ከ50 በላይ ሞተ። መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው የስፔን ኪያር ላይ ነበር፤ የስፔን ገበሬዎች ኪያራቸውን ሜዳ ላይ ደፉት። በኋላ ሲጣራ ምንጩ በጥሬው የሚበላ ቡቃያ ሆኖ ተገኘ፤ ምርመራውም ከግብፅ የገባ የአብሽ ዘር ላይ አደረሰ። አዎ፣ የእኛው አብሽ። እንደዚያ ያለ ላቦራቶሪ ያለው ሀገር እንኳ ጥፋተኛውን ለማግኘት ሳምንታት ፈጀበት። ሰፈር ውስጥ ብዙ ሰው ባንዴ ተቅማጥ ሲይዘው «የእገሌ ቲማቲም ነው» ብሎ ከመለጠፍ በፊት ጤና ጣቢያ መናገር ይሻላል።

እንዴት እንግዛ?

ጠያቂ ገዢ ይናቃል ብላችሁ አትፈሩ። «እትዬ፣ መቼ ነው የተነቀለው?» ሲባሉ የማይቆጡ ብዙ ናቸው፤ «ትናንት ማታ ነው ልጄ፣ ከጓሮዬ» ትላችኋለች። «ወንዝ ላይ ነው ወይስ ቤት የታጠበው?» ብትሏት መጀመሪያ ትስቃለች፣ ከዚያ እውነቱን ትነግራችኋለች። ካሮት ከነጭቃው ካላት እሱን ውሰዱ፤ ብዙ ጊዜም ረክሶ ይገኛል፣ ቶሎም አይበሰብስም።

ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ግዙ። መጀመሪያ ጤፍና በርበሬውን፣ መጨረሻ ላይ ቅጠሉንና ቲማቲሙን፤ ቀድማችሁ ከገዛችሁት እናንተው ፀሐይ ላይ ይዛችሁት ትዞራላችሁ። ሥጋና ዶሮ ከያዛችሁ በሌላ ፌስታል ይሁን፤ የሥጋው ደም ሰላጣ ላይ ከተንጠባጠበ ያ ሰላጣ አበቃለት። ባጃጅ ላይ እግር ሥር ከምታስቀምጡት ጉልበታችሁ ላይ ያዙት።

በጾም ወቅት ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጠንቀቁ። ሁዳዴና ፍልሰታ ላይ የቲማቲም፣ የቃሪያና የሰላጣ ፍላጎት ይጨምራል፤ ገበያው ሲጣደፍ ሳይደርስ የተቀጠፈውም፣ የቆየውም፣ ከርጭት ቀኑ ያላለፈውም አብሮ ይወጣል። ፍልሰታ ደግሞ ክረምት ነው፤ ጎርፉ ሁሉ ወንዝ ውስጥ ነው።

ቤት በር ላይ

ለጥሬ የሚሆነውን በሚፈስ ንጹሕ ውሃ፣ ከጆግ እየተንቆረቆረም ቢሆን፣ አንድ በአንድ በእጅ እየፈተጋችሁ እጠቡ። ሰፌድ ሙሉ በአንድ ሳፋ ነክሮ ማውጣት የካሮቱን ታሪክ ቤት ውስጥ መድገም ነው። ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ውጭ ያሉትን ቅጠሎች ጣሉና ቀሪውን ቅጠል በቅጠል እጠቡ። ሳሙና አያስፈልግም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አቼቶና ሎሚ የተወሰነ ባክቴሪያ ይቀንሳሉ፣ ግን አትተማመኑባቸው። እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪንም ውሃውን ያክማል፤ የወስፋት እንቁላልን ግን አይገድልም። ያ እንቁላል አፈር ውስጥ ዓመታት መቆየት የሚችል ነው፤ የሚነሳው በመፈተግ፣ የሚሞተው በእሳት ነው። ከፍታችን ምክንያት ውሃ ከ100 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ቢፈላም ለዚህ ይበቃል።

ድንቹን ጨለማ ቦታ፣ ሳይታጠብ። ሽንኩርቱን አየር በሚገባበት ቦታ፣ ከድንቹ ለየት አድርጋችሁ። ቲማቲሙን ዘርግታችሁ፣ የተሰነጠቀውን ለማታው ወጥ።

ከዚያ ዘንቢሉን ገልብጡና ውስጡን እዩት። የባለፈው ሳምንት የቲማቲም ጭማቂ፣ የድንች አፈር፣ ጥግ ላይ የተለጠፈ የጎመን ቅጠል አለ። እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ ስቀሉት።